«ጠፉሳ!» ብለን የምናልፋቸው አዛውንት

የዛሬው ርዕሳችን በየሰፈራችን ያለ ጉዳይ ነው። ለሱብሒ ሶላት ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፉ አንድ አዛውንት አሉ እንበል። ከዘራቸውን እናውቃለን፤ ሳላቸውንም ከሩቅ እንለያለን። ስማቸውን ግን ብዙዎቻችን «ሐጂ» ወይም «አባባ» ከማለት አሳልፈን አናውቅም። አንድ ሳምንት ይቀራሉ፤ ሁለት ሳምንት ይቀራሉ። ጫማችንን ስናደርግ «እኒያ ሽማግሌ ጠፉሳ!» እንባባላለን። አንዱ «ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል» ይላል፤ በዚያው እንበታተናለን። በዚህች «ይሆናል» ሰበብ ስንት አቅመ ደካማ በር ተዘግቶበት እንደቀረ አላህ ይወቀው።

ቁርኣን የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሲያወሳ፣ ከሰው፣ ከጂንና ከአእዋፍ በተሰበሰበው ሠራዊት መካከል ሁድሁድ የምትባል አንዲት ወፍ መጉደሏን ልብ ማለታቸውን ይነግረናል (አን-ነምል 20)። ኢማም ቁርጡቢ ከዚህ አንቀጽ መሪ የሚመራቸውን ሰዎች ሁኔታ መከታተል እንዳለበት ተረድተዋል። ዐረብኛው ይህን «ተፈቁድ» ይለዋል፤ የጎደለን አስተውሎ መፈለግ ማለት ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ የመዲናን መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። (ወንድ ነው ያለ ዘገባም አለ።) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጧትና ጠየቁ። መሞቷ ተነገራቸው። ሶሓባዎቹ ጉዳዩን ያን ያህል ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ነበርና ሳይነግሯቸው ቀብረዋታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለምን እንዳልነገሯቸው ጠየቋቸው፤ ቀብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ልብ በሉ! የሀገርና የጦር ጉዳይ ሁሉ ትከሻቸው ላይ ሳለ መጥረጊያ የያዘችውን ሴት መጉደል ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው።

ድሮ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጎረቤት ቡና ላይ ካልመጣ ልጅ ይላክበት ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ እየተጋራን ስም ለስም አንተዋወቅም። በ2016 ዓ.ል ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ል ከካዛንቺስ ብዙ ሰው በልማት ምክንያት ሲነሳ፣ ለአርባና ሃምሳ ዓመት በአንድ እድር የኖረ ሁሉ ተበታትኗል። ወጣቱ በስልክ ይገናኛል። ስልክ መነካካት የማይችሉት እናት ግን የት ደረሱ? የእድሩን ጸሐፊ፣ የድሮውን ባለሱቅ፣ የመስጂዱን ሙአዚን መጠየቅ ይቻላል። ከእነዚህ አንዱ ብዙ ጊዜ ፍንጭ አያጣም።

«ሰው ጉዳይ መግባት አይሆንብንም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ነውርን ማነፍነፍ፣ ተጀስሱስ፣ በሱረቱል ሑጁራት ተከልክሏል። ነገር ግን ልጆቻቸው ለምን እንደተጣሉ መመርመርና በር አንኳኩቶ «አባባ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ልቅዳልዎ?» ማለት አንድ አይደሉም። ጎረቤቱ ሙስሊም ካልሆነስ? ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግል የነበረ አንድ አይሁዳዊ ልጅ ሲታመም ሄደው ጠይቀውታል። እናም «እትዬ» የምንላቸውን ክርስቲያን ጎረቤታችንንም መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው።

ፈልገን ስንደርስ ሞተው ተቀብረው ብናገኝስ? በሻፊዒይ መዝሀብ፣ የጀናዛ ሶላት ያመለጠው ሰው ቀብሩ ዘንድ ሄዶ መስገድ ይችላል፤ መረጃውም ከላይ ያነሳነው ሐዲሥ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ የሟቹ ወሊይ ከሰገደበት አይደገምም። ዱዓእ ማድረግ ግን ለማንም አልተከለከለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከሞቱ በኋላ በግ ሲያርዱ ለወዳጆቻቸው ይልኩ ነበር። ስለዚህ የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ ከመስጂዱ በር ላይ አብረዋቸው ይቀመጡ የነበሩት ሌላው ሽማግሌ፣ አሁን ብቻቸውን ናቸውና ወደሳቸው ጎራ ማለት ነው።

የዕዳ ነገርም አለ። ሦስት ዲናር ዕዳ የነበረበት ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይሰግዱበት ያገዳቸው ዕዳው ነበር። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉ ሰገዱበት። በሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ የአዛውንቱ ስም ካለ፣ ልጆቻቸውም ሩቅ ከሆኑ፣ ሒሳቡን ጠይቆ መክፈል ይቻላል። ባለሱቁም ለአላህ ብሎ ሊተወው ይችላል።