የፍግ አጠቃቀምና የበርበሬ ቫይረስ በሽታ

የበርበሬ ቫይረስ በሽታ በርበሬና ቃሪያ ላይ የሚደርስ፣ ቅጠልን የሚያዥጎረጉርና የሚያኮማትር፣ ተክሉን የሚያቀጭጭና ፍሬውን የሚያሳንስ በሽታ ነው። አንዴ የተያዘን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ፍግና ብስባሽ (ኮምፖስት) በሽታውን ለመቋቋም ከሚረዱ ነገሮች መካከል ይቆጠራሉ፤ ይሁን እንጂ ፍግ ራሱ ቫይረስን አይገድልም።

በኢትዮጵያ የታወቁ ቫይረሶች

በኢትዮጵያ በርበሬ ላይ ከተለዩት ቫይረሶች መካከል የድንች ቫይረስ ዋይ፣ የበርበሬ ደም ሥር ሞትል ቫይረስ፣ የኢትዮጵያ በርበሬ ሞትል ቫይረስና የኩከምበር ሞዛይክ ቫይረስ ይገኙበታል። አራቱንም ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሳቸው ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ክሽክሽ በታመመ ቅጠል ላይ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ከቀመሰ በኋላ ወደ ጤነኛው ሄዶ ወዲያው ሊያስተላልፍ ይችላል። ፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨት ብዙ ጊዜ ውጤት የማይሰጠውም ለዚህ ነው፤ ነፍሳቱ በመርዙ ከመሞቱ በፊት ቫይረሱ ገብቶ ያድራል። የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስና ዘመዶቹ ግን ነፍሳት አያስፈልጋቸውም፤ በእጅ፣ በመሣሪያና በዘር ይተላለፋሉ።

ፍግ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ገበሬዎች «ፍግ ብጨምርበት በሽታው ለቀቀው» ሲሉ ይሰማል። አነጋገሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። የናይትሮጅን እጥረት ያለበት በርበሬም ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ፍግ በእርግጥ ያስተካክለዋል። ልዩነቱን ማሳው ላይ መለየት ይቻላል። የናይትሮጅን እጥረት ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጀምሮ መላውን ቅጠል እኩል ያገረጣል። ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ለጋ ቅጠል ላይ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር መልክ ያወጣል፤ ቅጠሉም ይጠማዘዛል። ሁለተኛው ሲታይ ፍግ መጨመር ተክሉን አያድነውም፤ ነቅሎ ማስወገድ ይሻላል።

በሌላ በኩል በፍግ የዳበረ አፈር ውኃ ይይዛል፣ ንጥረ ነገሩንም ቀስ በቀስ ይለቃል። ስለዚህ ዘግይቶ የተያዘ ተክል የተወሰነ ምርት ሊሰጥ ይችላል። ዩሪያ በብዛት ሲጨመር ግን ቅጠሉ ለስላሳና ጭማቂ የበዛበት ስለሚሆን ክሽክሽ ይወደዋል፤ ይራባበታልም። ትኩስ የዶሮ ኩስም ሲበዛ እንዲሁ ነው፣ ሥርንም ያቃጥላል። በአፈርና በብስባሽ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ የባሲለስ ባክቴሪያዎች የተክሉን የራስ መከላከያ እንደሚያነቃቁ በቲማቲም ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል። ሆኖም ይህ ማሳ ላይ ሁልጊዜ የሚጠበቅ ውጤት ስላልሆነ እንደ መድኃኒት ሊወሰድ አይገባም።

አዘገጃጀትና መጠን

ፍጉ ከ3 እስከ 4 ወር መብላላት አለበት። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ይህም አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል። ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ እንደ አስተናግርና አውጥ ያሉ አረሞች የበርበሬ ቤተሰብ በመሆናቸው ቫይረሱን ከወቅት ወደ ወቅት ያሻግራሉ። የታመመ የበርበሬ፣ የቲማቲም ወይም የትንባሆ ግንድ ግን ወደ ክምሩ መግባት የለበትም። የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ እስከ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ስለሚቋቋም የብስባሽ ሙቀት አያጠፋውም።

የተለመደው መጠን በሄክታር ከ10 እስከ 20 ቶን ነው። በሩብ ሄክታር (አንድ ጥማድ ገደማ) ሲሰላ ከ25 እስከ 50 ኩንታል ይሆናል፤ ችግኙ ከመዛመቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በፊት ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ያህል ፍግ አያገኝም፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባልና። እበት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፖታሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አመዱን ሳይደፉ በክምሩ ላይ በስሱ መበተን ይጠቅማል። ያለው ፍግ ትንሽ ከሆነ መላው ማሳ ላይ ከመበተን በየችግኙ ጉድጓድ አንድ ሁለት እፍኝ ማድረግ የተሻለ ነው።

ከፍግ ጋር የሚሄዱ ሥራዎች

ፍግ ብቻውን ብዙ አይራመድም። ተክሉ በለጋነቱ ከተያዘ ጉዳቱ የከፋ ስለሚሆን፣ ችግኝ መደብ ላይ የሚቆይበትን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በጥቅጥቅ መረብ መሸፈን ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው። ክሽክሽ አረንጓዴ ተክልን የሚለየው ከባዶ አፈር ጋር በማነጻጸር በመሆኑ፣ ከተዛመተ በኋላ በረድፎቹ መካከል ገለባ ወይም ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ የሚያርፈውን ብዛት ይቀንሳል። የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ስለሚፈለግ ሣሩ ይመረጣል። በማሳው ዙሪያ ቀድሞ የተዘራ በቆሎም ይረዳል፤ ክሽክሹ መጀመሪያ እዚያ ላይ አርፎ አፉን ስለሚሞክር የያዘውን ቫይረስ በበቆሎው ላይ ይጨርሳል።

ዘር የሚወሰደው ዝንጉርጉር ምልክት ካልታየበት ተክል ብቻ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል፤ ቫይረሱ በደረቀ የትንባሆ ቅጠል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።