የፖርሰሊኑ ስብራት በማን ሒሳብ?

የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው ከደስታው ማግስት የሚገጥመው ጥያቄ «ወለሉን ምን ላልብሰው?» የሚል ነው። የብዙ ሰው መልስ አሁን አሁን አንድ ሆኗል፤ ፖርሰሊን። ያብረቀርቃል፣ ውኃ አይጠጣም፣ ዕድሜ አለው። ሱቅ ገብቶ የሚመርጠው ሰው ስለ ቀለሙ ይጠይቃል፣ ስለ ዋጋው ይከራከራል። «ይኼ ነገር ሲቆረጥስ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም።

ቤት ደግሞ በ60 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ አይሠራም። 3.20 በ4.10 ሜትር የሆነች መኝታ ቤት እንውሰድ። 60 በ60 የሆነውን ፖርሰሊን ከአንድ ጥግ ጀምረን ብንደረድረው፣ በአንዱ በኩል አምስት ሙሉ ገብቶ 20 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በሌላው በኩል ስድስት ሙሉ ገብቶ 50 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ከ42 ቦታ 30ው ሙሉ፣ 12ቱ ቁራጭ ነው ማለት ነው። በሩ፣ ምሰሶውና ቧንቧው ገና አልተቆጠሩም። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ እንኳ ቢበላሹ ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ዕቃ ወደ ቆሻሻ ሄደ።

ጥያቄው ታዲያ ይኼንን የሚከፍለው ማነው የሚል ነው። ባለሙያው የሚሠራው በካሬ ተስማምቶ ነው። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ በቃል ስለሆነ፣ የተሰበረው ከእጅ ዋጋው ላይ ሲቀነስ የሚሟገትበት ወረቀት የለውም። የአንድ ካሬ ፖርሰሊን ዋጋ ደግሞ ከአንድ ካሬ የእጅ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ስብራት የብዙ ካሬ ድካሙን ይዞበት ይሄዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ማለት ነው፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ከብዷል። ስብራቱም አብሮ ከብዷል።

የኢኮኖሚክስ ትምህርት ያስለመደኝ ነገር ቢኖር «ጥፋቱ የማነው?» ከማለቴ በፊት «ስጋቱን ማን ተሸከመ፣ ማንስ ሊቀንሰው ይችል ነበር?» ብዬ መጠየቅ ነው። ለዚህ ግን መጀመሪያ ፖርሰሊን ለምን እንደሚያስቸግር ማወቅ ያስፈልጋል።

ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ውስጡ ክፍተት የበዛበት ነው፤ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ ይመጣል። ፖርሰሊን ለመባል ግን የሚመጠው ውኃ ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። አፈሩ እጅግ ደቅቆ፣ በከባድ ማሽን ተጨምቆ፣ 1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ሲተኮስ ክፍተቱ ይዘጋና ጠባዩ ወደ መስታወት ይጠጋል። ጠንካራ ነው፣ ግን አይተጣጠፍም። ትንሽ ስንጥቅ ካገኘ በዚያው ይሄዳል።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን አርኖልድ ግሪፊዝ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ መስታወት ላይ ባደረገው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር የሚሰበረው ጥቃቅን ስንጥቆች ስላሉበት ነው፤ ጫናው ሁሉ የሚሰበሰበው ስንጥቁ ጫፍ ላይ ነው። ባለሙያዎቻችን «ካተር» የሚሉት የእጅ መቁረጫ የሚሠራውም በዚህ መንገድ ነው። መቁረጫ ይባል እንጂ አይቆርጥም። ትንሿ ክብ ምላጭ ላዩ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ትተክላለች፣ እጀታው ሲጫን ደግሞ ስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል። በቃ፣ ሥራው ስንጥቅን መምራት ነው።

ይኼን የተረዳ ሰው ሕጎቹን መሸምደድ አያስፈልገውም። የሚጫረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይቆም፣ በእኩል ጉልበት። «አልገባም» ብሎ በዚያው መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ስንጥቁን አላጠለቀውም፤ ጎን ለጎን ሌሎች ስንጥቆች ፈጥሮ ለስብራቱ ብዙ መንገድ ከፍቶለታል። ምላጩንም ጨርሶታል። አያት አካባቢ የሚሠራ አንድ የሠፈራችን ባለሙያ ሲቆርጥ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ «ድምፁን ስሚው እህቴ» አለኝ። «አንድ ወጥ ሆኖ ከጮኸ ገብቷል። ከተቆራረጠ ግን ወይ እጄ ዘሏል፣ ወይ ምላጩ ሞቷል።»

ምላጩ ራሱ ዓይነት አለው። ለለስላሳ ሴራሚክ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። ለጠንካራ ፖርሰሊን 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል። ፊቱ ሻካራ ለሆነው ደግሞ 18 ወይም 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ያስፈልጋል፤ ትንሹ ጎድጓዳው ውስጥ እየገባ ይዘልላልና። መቁረጫው ሲገዛ አብሮት የመጣውን ምላጭ እስኪደንዝ ለሁሉም ዓይነት መጠቀም የስብራት ሁሉ መነሻ ነው።

ቀጭን ቁራጭም የራሱ ጣጣ አለው። ስንጥቅ በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ ክብደት ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በአንዱ በኩል ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከቀረ ግን ወደ ቀጭኑ ያመልጣል። መድኃኒቱ ያለው መቁረጫው ላይ ሳይሆን ልኬቱ ላይ ነው። ከላይ ባነሳናት መኝታ ቤት ድርድሩን ከጥግ ከመጀመር ይልቅ መሃል ብናደርገው፣ በአንድ በኩል የቀረው የ20 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በሁለቱም ግድግዳ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁራጩ ይበዛል፣ ግን ቀላል ቁራጭ ነው፤ ለዓይንም ያምራል። ጠባብ ቁራጭ ብዙ በሚያስቸግርበት ቤት ግማሽ ሰዓት ለክቶ ማሰብ ካርቶን ያድናል።

«ታዲያ ለምን በግራይንደር አይቆርጡትም?» የሚል ይኖራል። በር ጥግ ላይ የሚገባውን እንደ «ረ» የታጠፈ ቁራጭና የቧንቧ ቀዳዳውን የእጅ መቁረጫ አይችለውም፤ የአልማዝ ዲስክ የግድ ነው። ቀጥታውን ቁራጭ ሁሉ በደረቁ በግራይንደር መሥራት ግን ሌላ ዕዳ አለው። ከፖርሰሊን የሚነሳው ነጭ አቧራ ሲሊካ አለበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ወደ ሳንባ የሚገባን የሲሊካ ክሪስታል እ.ኤ.አ. በ1997 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ሲሊኮሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታም የሚመጣው ከእርሱ ነው፤ ሳንባውን ወደነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለውም። በየደረጃው ሥር አፍንጫቸውን በፎጣ አስረው የሚቆርጡትን ልጆች ያላየ የለም። ፎጣ ያን ረቂቅ አቧራ አያግድም። ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥና ትክክለኛ ጭምብል ማድረግ ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አቧራውን ከመነሻው አለማስነሳት ነው፤ የእጅ መቁረጫ የሚያስነሳው አቧራ እዚህ ግባ አይባልም። እዚህ ላይ ነው የምላጯ ጉዳይ ከገንዘብ አልፎ የጤና የሚሆነው። ምላጩ የሞተበት ባለሙያ ስብራት ፈርቶ ወደ ግራይንደሩ ይሮጣል። ፖርሰሊኑን ያድናል፣ ሳንባውን ይከፍላል።

ወደ ሒሳቡ ስንመለስ፣ አዲስ ምላጭ ከጥቂት ፖርሰሊን ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ ነው። ግን ወጪው ዛሬ ከባለሙያው ኪስ የሚወጣ፣ ጥቅሙ ደግሞ ለባለቤቱ የሚተርፍ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ቆጥበው ሁለቱም የሚከስሩት ለዚህ ነው። ጠንካራውን ፖርሰሊን የመረጠው ባለቤቱ ሆኖ ሳለ፣ የጥንካሬውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው ማሸከም ፍትሕም አይደለም፣ አያዋጣምም። የሰበረ ይክፈል የተባለ ባለሙያ ስብራቱን በሚቀንስ መሣሪያ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ አይኖረውም።

ስለዚህ ለቤት ባለቤቶች የምለው ይኼ ነው። ካርቶኑን ሁሉ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ፍሬ ገዝታችሁ ባለሙያው ሲቆርጠው እዩ። ለስብራትና ለቁራጭ 10 በመቶ ያህል ጨምሮ መግዛት የተለመደ ነው፤ ያንን መጠን በአንዲት ገጽ ውል ላይ ጻፉትና እስከዚያ ድረስ ያለው ስብራት የእናንተ ይሁን። ለፖርሰሊኑ የሚስማማውን አዲስ ምላጭ ከፖርሰሊኑ ጋር አብራችሁ ግዙ፤ እንደ ማጣበቂያው ቁጠሩት። ቁራጭ የበዛበትን ክፍል ደግሞ እንደ ሜዳ ሳሎን በአንድ የካሬ ዋጋ አትደራደሩበት።

ባለሙያውንም አታጣድፉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እህል ሲሆን ይለቀማል፤ የተሰበረ ፖርሰሊን ግን ለቅሞ መልሶ የሚገጥመው የለም።