62 ዓመት የጠበቁት ዋንጫ፦ የፉትስክሬይ ደጋፊዎች ለምን አለቀሱ?

2016ን የኳስ ወዳጅ አይረሳውም። ማንም ያልገመተው ሌስተር ሲቲ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ የበላበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ግን፣ በዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ ሜልበርን ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ ጉድ ተፈጥሯል። 99,981 ተመልካች በታደመበት ስታዲየም ዌስተርን ቡልዶግስ የተባለው ክለብ የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ።

አንድ ዋንጫ ሰውን እንዲህ የሚያስለቅሰው ለምንድነው? ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጨዋታውን እንተዋወቅ

የአውስትራሊያ ፉትቦል እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፤ ራግቢም አይደለም። እነሱ በአጭሩ «ፉቲ» ይሉታል። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ኳሱም እንደዚያው። ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ተጫዋች ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ኳሱን በእግር መምታት ወይም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ጡጫ መምታት ይቻላል። እንደ ድንጋይ መወርወር ግን ክልክል ነው። ይዞ የሚሮጥ ሰው ቢያንስ በየ15 ሜትሩ ኳሱን መሬት ማንጠር ወይም ማስነካት አለበት። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም።

በየጎሉ አራት ቋሚዎች አሉ። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሃል በእግር መትቶ ያስገባ 6 ነጥብ ያገኛል። በመካከለኛውና በዳር ባለው ቋሚ መሃል ካለፈ ደግሞ 1 ነጥብ ብቻ። ስለዚህ ውጤቱ የሚጻፈው ለየት ባለ መንገድ ነው። «13.11 (89)» ካያችሁ፣ 13 ጊዜ ባለ 6፣ 11 ጊዜ ባለ 1፣ ድምሩ 89 ማለት ነው። ቀላል ነው አይደል?

ዋንጫው ደግሞ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ አይሰጥም። 2016 ላይ 18ቱ ክለቦች እያንዳንዳቸው 22 ጨዋታ ካደረጉ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 8 ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፍ ገቡ። የመጨረሻው ፍልሚያ «ግራንድ ፋይናል» ይባላል። በቃ፣ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ነገር በአንድ ከሰዓት ይወሰናል።

የክለቡ ሰፈር

ዌስተርን ቡልዶግስ የድሮ ስሙ ፉትስክሬይ ነው። ፉትስክሬይ ከሜልበርን መሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ወንዝ ተሻግሮ ያለ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ፋብሪካ፣ ቄራ፣ ወደብ፤ ሰዉ በጉልበቱ የሚያድርበት ቦታ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖችና ግሪኮች መጡ፤ ቀጥሎ ቬትናሞች፤ ከዚያም ከእኛ አካባቢ የሄዱ ሰዎች።

አዎ፣ ከእኛው። ሜልበርን የሚኖር ሐበሻ ፉትስክሬይን ሳያውቅ አይቀርም። በኒኮልሰን ስትሪትና በአካባቢው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። እንጀራ ፈልጎ፣ ጀበና ቡና አምሮት፣ በርበሬና ሽሮ ሊገዛ የሚመጣ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው። የክለቡ ሜዳ ዊተን ኦቫል ደግሞ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ይህ ክለብ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1925 ነው። ከዚያ እስከ 2016 ድረስ ያገኘው ዋንጫ ስንት ይመስላችኋል? አንድ! እሱም በ1954፣ ሜልበርን የተባለውን ክለብ በ51 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ።

ክለቡ ሊጠፋ የነበረበት ወር

ታሪኩ እዚህ ላይ ይከብዳል። ኦክቶበር 1989 ደጋፊው ዱብ ዕዳ ወረደበት። ክለቡ ዕዳ ውስጥ ስለተዘፈቀ ፊትዝሮይ ከሚባል ሌላ የሜልበርን ክለብ ጋር ይዋሃዳል ተባለ። አዲሱ ቡድን «ፊትዝሮይ ቡልዶግስ» ሊባል ነው። ፉትስክሬይ የሚለው ስም ከሊጉ ሊፋቅ ነው።

ደጋፊው «እሺ» ብሎ ቤቱ አልገባም። አይሪን ቻትፊልድ የተባሉ ተራ ደጋፊ ጉዳዩን በስማቸው ፍርድ ቤት ወሰዱት። የሰፈሩ ልጅ የሆኑት ጠበቃ ፒተር ጎርደን የማዳን ዘመቻውን መሩ። ከፍርድ ቤቱ የተገኘው ትንሽ ጊዜ ነው፤ ሳምንታት ብቻ። ገንዘቡ ከተገኘ ክለቡ ይተርፋል፤ ካልተገኘ አበቃ።

ሰዉ ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። በር ለበር ተዞረ። መንገድ ላይ ሳንቲም ተለቀመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሜዳው ተሰብስበው አዋጡ። ሀብታም ያልሆነ ሰፈር፣ ከደመወዙ ቀንሶ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ውህደቱ ቀረ፤ ክለቡ ተረፈ።

አብሮ ሊዋሃድ የነበረው ፊትዝሮይስ? እሱ አልተረፈም። 1996 ላይ በዚህ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታውን አድርጎ ከብሪዝበን ክለብ ጋር ተዋሃደ። የፉትስክሬይ ደጋፊ ያመለጠው ነገር ምን እንደነበር ለማየት ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ መሄድ አላስፈለገውም።

መትረፍና ማሸነፍ ግን ይለያያሉ

እዚህ ጋ ፊልም ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫ ይመጣ ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት ጠበቁ።

በ1996 መጨረሻ ክለቡ መላውን የምዕራብ ሜልበርን ሕዝብ ለመሳብ ብሎ ስሙን «ዌስተርን ቡልዶግስ» አደረገው። ለስሙ ሲሉ ቆርቆሮ ይዘው ለዞሩ ሰዎች ይህ ቀላል አልነበረም። ሜዳ ላይም ዕድል ፊቷን አዞረች። ከ1985 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፤ ሰባቱንም ተሸነፉ። የ1997ቱን የተሸነፉት በ2 ነጥብ ልዩነት ብቻ ነው። የደጋፊው ልብ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ አስቡት።

2014 ሲያልቅ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተበታተነ። ቡድኑ 14ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አምበሉ ወደ ሌላ ክለብ ሄደ፤ አሰልጣኙም ለቀቀ። አዲስ አሰልጣኝ ሉክ ቤቨሪጅ መጣ። ለአምበልነት ደግሞ ቦብ መርፊ ተመረጠ፤ ከ2000 ጀምሮ ሌላ ማሊያ ለብሶ የማያውቅ፣ ደጋፊው እንደ ቤተሰቡ የሚያየው ተጫዋች።

በዚህ ላይ ግን ደካማ ክለብ ቶሎ ማንሰራራት የሚችልበት ምክንያት አለ። በዚህ ሊግ ክለቦች ለተጫዋች የሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ አለው። አዳዲስ ወጣቶች ሲመረጡም ቅድሚያ የሚያገኘው መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው። ቢሊየነር መጥቶ ዋንጫ መግዛት አይችልም። ለማንሰራራት ግን ቅድሚያ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል፤ የ1989ኙ ሳንቲም የገዛውም ይህንኑ ነው።

ከሰባተኛ ደረጃ የተነሳ ቡድን

2016 ተጀመረ፤ ገና በሦስተኛው ጨዋታ መርፊ ጉልበቱ ላይ ጅማቱ ተበጠሰ። ዓመቱ ለእሱ አለቀ። ሌሎችም ተራ በተራ ተጎዱ። ቡልዶግስ እንደምንም ሰባተኛ ሆኖ ጥሎ ማለፍ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰባተኛ ደረጃ ተነስቶ ዋንጫ የበላ ቡድን አልነበረም። ምክንያቱም መንገዱ አራት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ይጠይቃል፤ አንድ ሽንፈት ካለ ወደ ቤት።

መጀመሪያ አህጉሩን አቋርጠው ፐርዝ ሄዱ፤ ዌስት ኮስትን በሜዳው በ47 ነጥብ ረቱ። ቀጥሎ ሃውቶርን መጣ፤ ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደ ቡድን። እሱንም አሰናበቱት። ግማሽ ፍጻሜው ሲድኒ ውስጥ ከግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ጋር ነበር። ያ የሰባት ጊዜ እርግማን የሚፈተንበት ቀን ማለት ነው። 89 ለ 83፤ በ6 ነጥብ አለፉ። የፉትስክሬይ ደጋፊ ከ1961 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የግራንድ ፋይናል ትኬት ፍለጋ ወጣ።

ያ ከሰዓት

ተጋጣሚው የሊጉ አንደኛ ሲድኒ ስዋንስ ነበር። እረፍት ላይ ሲድኒ በ2 ነጥብ ይመራል። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ቡልዶግስ በ8 ነጥብ ቀድሟል። በአራተኛው ሩብ ልብ ተሰቀለ።

ከዚያ ደጋፊው እስካሁን የሚያወራው ቅጽበት መጣ። የሲድኒ ትልቁ ኮከብ ላንስ ፍራንክሊን ኳሱን ይዞ ሊዞር ሲል አንጋፋው ተከላካይ ዴል ሞሪስ ያዘውና ጣለው። ኳሱ አፈትልኮ ወጣ። ቶም ቦይድ አነሳትና ከሩቅ፣ ከመሃል ሜዳው አካባቢ መታት። ኳሷ ነጥራ፣ ነጥራ፣ ገባች። ስታዲየሙ ተናጋ። ውጤቱ 13.11 (89) ለ 10.7 (67)። የግጥሚያው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጄሰን ጆሃኒሰን ነው።

ሽልማቱ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። አሰልጣኙ ቤቨሪጅ የራሱን ሜዳሊያ ከተቀበለ በኋላ ተጎድቶ ያልተጫወተውን መርፊን ወደ መድረኩ ጠራና አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ከዚያ መርፊ በውድድሩ አምበል ሆኖ ከተካው ኢስተን ውድ ጋር ዋንጫውን አብረው አነሱት። ጨዋታውን የማይከታተል ሰው እንኳ ያን ቪዲዮ አይቶ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ድሉን ሲያስታውሱ የሚያነሱት

ከዚያ ቀን በኋላ የፉትስክሬይ ጎዳናዎች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ለበሱ። በማግስቱ ዊተን ኦቫል በሺዎች ተሞላ። ደጋፊዎች ስለዚያ ድል ሲናገሩ ግን ብዙዎቹ የሚያስቀድሙት ጎሉን አይደለም። ሰው ነው። አብሯቸው ሜዳ ይሄድ የነበረ አባት፣ ስካርፍ የሰራች አያት፣ 1989 ላይ ቆርቆሮ ይዞ የዞረ ጎረቤት። 62 ዓመት ረጅም ነው፤ ብዙዎቹ ሳያዩት አልፈዋል። ልቅሶው ለዋንጫው ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው። «ይህን እሱ ቢያየው ኖሮ» የሚል ልቅሶ ነበር።

በሌላ በኩል የዚያ ቀን ጀግኖችም ሰው ናቸው። ቶም ቦይድ ክለቡን የተቀላቀለው ገና በ19 ዓመቱ፣ ሰባት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይጠጋል በተባለ ውል ነው። ገንዘቡ ሲጠራ፣ የሰው ዓይንና ትችት ሲከተለው ኖረ። 2019 ላይ፣ በ23 ዓመቱ፣ ጨዋታ አቆመ። ከጭንቀትና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ስላደረገው ትግል ዛሬ በአደባባይ ይናገራል። 62 ዓመት የተጠራቀመ የሰው ተስፋ በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ሲጫን ቀላል አይደለም። ስልካችንን ከፍተን ተጫዋች ከመስደባችን በፊት ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

እኛ ከዚህ የምንወስደው

በእኛ አገር ደጋፊ መሆን ብዙ ጊዜ ማሊያ መልበስ፣ መከራከርና ማጋራት ነው። በአውስትራሊያ ብዙዎቹ የፉቲ ክለቦች ባለሀብት የሚነዳቸው አይደሉም፤ በየዓመቱ ክፍያ ከፍሎ አባል የሚሆን ሕዝብ ይዟቸዋል። የፉትስክሬይ ታሪክ ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። 1989 ላይ ሳንቲም ያዋጡት ሰዎች ዋንጫ አልተገባላቸውም። የገዙት በሚቀጥለው ዓመትም የመጫወትን ዕድል ብቻ ነው። ዋንጫው 27 ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ ግን የሚመጣበት ቤት ስለነበረ መጣ። የዘመቻው መሪ ፒተር ጎርደንም ያን ቀን የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆነው ድሉን በዓይናቸው አይተዋል።

ሜልበርን ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ በተለይ ፉትስክሬይ የምትኖሩ ወይም የምትሠሩ፣ ያን ቀን የት ነበራችሁ? ሰፈሩ ምን ይመስል ነበር? ሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ መልሱልን፦ የምትደግፉት ክለብ በሦስት ሳምንት ውስጥ ገንዘብ ካላገኘ ይዘጋል ቢባል፣ ቆርቆሮ ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልን፤ እናነባለን።