ከጆሮ ዕጢ ሕክምና በኋላ፦ ተራራው፣ ውኃውና ፈረሱ ይቅር? ተረትና እውነታ

ከጀሞ ወጥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚታጠፈው መንገድ ለላፍቶ ሰው ቅርብ ነው። መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይጎበኛሉ። እግሩን ማፍታታት ለሚፈልግ ደግሞ ፉሪ ተራራ እዚያው አጠገብ አለ። ከሚዛን ነርቩ ላይ ዕጢ የወጣለት ሰው ግን «እኔስ መሄድ እችላለሁ?» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ኧረ ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ!» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም ግማሹ በተሳሳተ እምነት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሰውን ከአደጋ ሳያድን ከኑሮው ያርቀዋል። በተቃራኒው «አሁንማ ድኛለሁ» ብሎ ያለ ጥንቃቄ የሚገባም አለ። ሁለቱንም ስሕተት አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ዕጢ ማለት ካንሰር ነው፤ ልብ የሚያስመታ ነገር መልሶ ይቀሰቅሰዋል።»

እውነታው፦ አኮስቲክ ኒውሮማ የሚባለው ይህ ዕጢ ካንሰር አይደለም። ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሚዛን ነርቭ ከሸፈኑት ሴሎች ይነሳል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰራጭም። ሲያድግም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዓመታት ባለበት የሚቆምም አለ። ስለዚህ አንዱ ታካሚ በኤምአርአይ ክትትል ብቻ ይቆያል፣ ሌላው በጨረር ይታከማል፣ ሌላው በቀዶ ሕክምና ይወጣለታል። ዕጢው ተመልሶ ቢያድግ መነሻው ሳይወጣ የቀረው ቅሪት እንጂ ሩጫ ወይም ዳገት አይደለም። ያንንም የሚያሳየው ኤምአርአይ ስለሆነ፣ ደህና ነኝ ብሎ ቀጠሮ መዝለል አይገባም።

ፍርሃቱ መሠረት የነበረው ዘመን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ይህ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች አብዛኞቹ አይተርፉም ነበር። ዛሬ በማይክሮስኮፕ በሚሠሩ ልምድ ያላቸው ማዕከላት ከቀዶ ሕክምናው ጋር የተያያዘ ሞት ከ100 ታካሚ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው።

በጥብቅ መጠንቀቅ የሚያሻው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንጎልን የከበበው ፈሳሽ በቁስሉ ወይም በአፍንጫ ሊያፈስ ስለሚችል ከባድ ዕቃ ማንሳትና ማማጥ ክልክል ነው። ውጭ አገር ታክሞ የሚመለስ ሰውም የበረራ ቀኑን ቀዶ ሐኪሙን ሳያማክር አይቁረጥ፤ ራስ ቅል ውስጥ የቀረ አየር በበረራ ከፍታ ላይ ይሰፋልና።

ተረት 2፦ «የሚዛን ነርቭ ከተነካ መድኃኒቱ መቀመጥ ነው።»

እውነታው፦ ተቃራኒው ነው። ሚዛናችን ከሦስት ቦታ ወሬ ይሰበስባል፦ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከዓይን፣ እንዲሁም ከእግርና ከመገጣጠሚያ። በቀዶ ሕክምናው የአንድ ወገን የሚዛን ነርቭ ሥራ ሲያቆም፣ አንጎል የሚደርሰው የሁለቱ ጆሮ መልእክት ስለማይመጣጠን ምድር የዞረች ይመስለዋል። ከዚያ አንጎል ራሱ ሂሳቡን ያስተካክላል፤ በቀረው ጆሮ፣ በዓይንና በእግር ላይ ይበልጥ መደገፍን ይለምዳል። ይህን የሚማረው ግን ሰውየው ሲንቀሳቀስና ትንሽ ሲያዞረው ነው። ከአልጋ የማይነሳ ሰው አንጎል የሚማርበት ነገር አያገኝም።

ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያስጀምሩት ልምምድ ቀላል ይመስላል። ክንድን ዘርግቶ አውራ ጣትን ማቆም፣ ዓይንን ጥፍሩ ላይ ተክሎ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ጥፍሩ መደብዘዝ ሲጀምር ፍጥነቱን መቀነስ፣ ሲጠራ መጨመር ያስፈልጋል። ቀጥሎ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠሙ በግድግዳ ጥግ መሄድ ይመጣል። ከዚያ በቀን ብርሃን የሰፈሩን ኮብልስቶን መራመድ፣ እየሄዱም ራስን አዙሮ ሱቆቹን ማየት ነው። ለማዞር ተብሎ የሚዋጥ የሚያስተኛ ኪኒን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል፤ ለወራት ሲወሰድ ግን የአንጎልን መላመድ ያዘገያል። ስለዚህ ከፋርማሲ እየገዙ ከመቀጠል በፊት ሐኪም ማነጋገር ይገባል።

በጨረር የታከመ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። የጨረሩ ውጤት ቀስ እያለ ስለሚመጣ የሚዛን መናጋቱ ከወራት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል።

ተረት 3፦ «ማዞሩ ከቆመ ሁሉም እንደ ድሮው ነው።»

እውነታው፦ ከፍተኛው አደጋ የተደበቀው እዚህ ነው። ማዞሩ የቆመው ዓይንና እግር የጎደለውን ስለሸፈኑ ነው። ዓይንና እግር ሥራቸውን የማይሠሩበት ቦታ ሲገባ ጉድለቱ ተመልሶ ይታያል። ማታ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ መያዝ የጀመረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዳዲ ማርያም ከዓለት የተፈለፈለች ናት፤ ከጠራራ ፀሐይ ወደ ውስጧ ሲገቡ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ያንሳል፣ ከእግር በታች ያለውም ወጣ ገባ ድንጋይ ነው። መግባት ይቻላል። ነገር ግን ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቆም ማለት፣ አንድ እጅን ግድግዳው ላይ ማድረግ፣ የእጅ ባትሪ መያዝ ያስፈልጋል። ከፉሪ የሚወርድም ሳይመሽ ይውረድ፤ መቋሚያ ወይም በትር ይያዝ። ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከብዳል።

ከሁሉ በላይ መፈራት ያለበት ውኃ ነው። ሰውነት ሲንሳፈፍ እግር ምንም አይነግረንም። የላንጋኖ ውኃ ደግሞ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ ጠልቆ ዓይኑን የከፈተ ሰው ላይና ታቹን መለየት ሊያቅተው ይችላል። ሁለቱ ድጋፎች በአንድ ጊዜ ሲጠፉ፣ ድሮ ጎበዝ የነበረ ዋናተኛም ወደ ላይ የወጣ እየመሰለው ወደ ታች ሊዋኝ ይችላል። ስለዚህ ዋና የሚጀመረው ቁስሉ ድኖ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ፣ ወለሉ በሚታይ ገንዳ፣ እግር በሚደርስበት ጥልቀት፣ ከሚዋኝ ሰው ጋር ነው። ዘልሎ መጥለቅና ለብቻ ሐይቅ መግባት ይቅር። ግራ የገባው ሰው አየር በትንሹ ቢለቅ አረፋው የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ነው።

ተረት 4፦ «አንዱ ጆሮ ከሰማ በቂ ነው።»

እውነታው፦ ዕጢው ወይም ሕክምናው የአንዱን ጆሮ መስማት ሲወስድ፣ የቀረው ለወሬ ሊበቃ ይችላል፤ ለመንገድ ግን አይበቃም። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው አንጎል ሁለቱን ጆሮ ስለሚያነጻጽር ነው። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው የባጃጁን ጥሩንባ ይሰማል፤ ከየት በኩል እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ብስክሌት የሚነዳ የጎን መስታወት ያስገጥም፣ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ርቆ ይጀምር፣ ከመታጠፉ በፊት ቆሞ ይይ።

ተረት 5፦ «ፊቱ የጠመመው ምች መትቶት ነው፤ ንፋስ ካልነካው ይድናል።»

እውነታው፦ የፊት ነርቭ ከሚዛን ነርቭ ጎን ለጎን ስለሚሄድ በዕጢው ወይም በቀዶ ሕክምናው ሊጎዳ ይችላል። የሆሊውዱ ተዋናይ ማርክ ራፋሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ የግማሽ ፊቱ እንቅስቃሴ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ፊቱ ተመለሰ፤ የግራ ጆሮው መስማት ግን አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሃልክን ሆኖ በ«አቬንጀርስ» የተወነው ከዚያ በኋላ ነው። ንፋስን መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለዓይን ሲባል ነው። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ አቧራ ይቧጭረዋል፣ ብሌኑም ሊቆስል ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ፈረስ የሚጋልብ ወይም በሽቦ ላይ የሚንሸራተት ሰው ጎኑ የተዘጋ መነጽር ያድርግ፤ ሰው ሠራሽ እንባ በኪሱ ይያዝ። የራስ ቁሩም የቀዶ ሕክምናውን ቦታ እንዳይጫነው አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ።

ለማንኛውም ጀብዱ የሚያገለግለው ጥያቄ አንድ ነው፦ እዚያ ስደርስ ዓይኔና እግሬ ይሠራሉ? ሁለቱም የሚሠሩበትን አስቀድሙ፤ አንዱ የሚጎድልበትን ከሰው ጋር ሞክሩ፤ ሁለቱም የሚጠፉበትን ተዉት። ሐኪም ዘንድም «ይፈቀድልኛል?» ብቻ ብሎ ከመጠየቅ የቦታውን ስም ጠርቶ፣ ምን እንደሚሠሩ ዘርዝሮ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ፣ ከባድ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም ድንገተኛ አዲስ ማዞር ከተነሳ ግን ጉዞውን ትቶ በቀጥታ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። «አርፈህ ተቀመጥ» ከማለት ይልቅ አብራችሁት ውጡ፤ በሚሰማው ጆሮ በኩል ሆናችሁ ተራመዱ፣ ሲደናቀፍ ቶሎ አትደንግጡ፣ ሳይመሽም መልሱት።