የአምኃ እሸቴ ሸክላዎች

የዘፈን ነገር ሲነሣ ስሙ ቶሎ የሚጠራው ዘፋኙ ነው። ግጥሙን የደረሰው፥ ዜማውን ያቀናበረው፥ መሣሪያውን የተጫወተው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ገንዘቡን አውጥቶ ድምፁን በሸክላ ያሳተመው ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ከእነዚህ አንዱ የሆኑትን አቶ አምኃ እሸቴንና ያቋቋሙትን «አምኃ ሬከርድስ» የተባለውን ድርጅት ነው። ድርጅቱ የኖረው ስድስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ሥራው ግን ዛሬም ይሰማል። አንባቢያን እንዳይደናገሩ፥ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን የሸክላን ሥራ ጠባይ እንመልከት። በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ድርና ማጉን አሰናድቶ ከሸማ መሥሪያው ከተቀመጠ፥ ሥራውን እስከ ጥለቱ ድረስ ከቤቱ ሳይወጣ ይጨርሰዋል። ለነጋዴ የሚተወው መሸጡን ብቻ ነው። ዘፋኝ ግን እንዲህ አይደለም። የዘፈነው ዘፈን ከአፉ በወጣበት ቅጽበት አየር ላይ ይቀራል። እንዲቆይ ከተፈለገ በቴፕ መቀዳት፥ ከቴፑ ወደ ቅርጽ መገልበጥ፥ ከቅርጹም በፋብሪካ መታተም ይኖርበታል። በዚያ ዘመን በአገራችን የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ ስላልነበረ ድምፁ ባሕር ተሻግሮ መታተምና ተመልሶ መምጣት ነበረበት። ይህን ሁሉ አንድ ዘፋኝ በደመወዙ ሊወጣው አይችልም። ሌላ ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የኢትዮጵያዊ ድምፅ ከሸክላ ጋር የተዋወቀው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን አገር ለትምህርት የተላኩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በበርሊን 17 ሸክላ አስቀድተዋል። በ1924 ደግሞ አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው በአዲስ አበባ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ የክቡር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ሰፉ፤ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠ የታወቀው በክቡር ዘበኛ፥ ዓለማየሁ እሸቴም በፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ ልብሱም፥ መሣሪያውም፥ መድረኩም የመሥሪያ ቤቱ ነበሩ።

ሸክላን በሚመለከት ደግሞ ሕግ ነበረ። በ1948 የወጣው ትእዛዝ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ማኅበሩ በ1935፥ አገር በወረራ ሥጋት ላይ በነበረች ጊዜ፥ ሕዝብን ለማንቃት የተቋቋመ ስመ ጥር ማኅበር ነው፤ ለቴአትርና ለባህል ሙዚቃ ያደረገው አገልግሎት በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ነገር ግን ዘመናዊውን የባንድ ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም እምብዛም አልገፋበትም። ስለሆነም ሃያ ዓመት ሙሉ ወጣቱ በየምሽት ቤቱ የሚሰማውን የአገሩን ዘፈን ገዝቶ ወደ ቤቱ ሊወስደው ሳይችል ቀረ። ከሱዳን፥ ከሕንድና ከአሜሪካ የሚመጣው ዘፈን ግን ነበረ።

አቶ አምኃ በዚያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣት ነበሩ። «ሐራምቤ» የተባለ የሙዚቃ ቤት ከፍተው የውጭ ሸክላ ይሸጡ ነበር። ገበያተኛ ምን እንደሚጠይቅ ከመደብራቸው ቆመው የሚሰሙ ሰው ስለነበሩ፥ የጎደለው ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። በ1969 ቆርጠው ተነሡ። ትእዛዙን አያውቁም ነበር ለማለት አይቻልም። ሊደርስ የሚችለው መታሰር መሆኑን አስበው፥ ያንኑ ተቀብለው የገቡበት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ዘፋኝ ዓለማየሁ እሸቴ ሆነ። ድምፁ እዚህ ተቀድቶ፥ ሸክላው በሕንድ አገር ታትሞ መጣ። ሸክላው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ዓይነት ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ፊቱ አንድ አንድ ዘፈን ይይዛል። ወጣቱ ወደደው። ድርጅቱም ሳይዘጋ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር ስንመለከት የሥራውን ብርታት እንረዳለን። ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ አምኃ ሬከርድስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አሳትሟል። ትንንሾቹ ብቻ ሁለት መቶ ያህል ዘፈን ይይዛሉ። ከነዚህ ውስጥ የጥላሁን ገሠሠና የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ይገኝበታል። እንደ ግርማ በየነ ያሉ ፒያኖ ተጫዋቾችና አቀናባሪዎችም ከመድረኩ ጀርባ ወጥተው ስማቸው ታወቀ። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ተምሮ የተመለሰው ሙላቱ አስታጥቄም የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐደበትን ሥራ በዚሁ ድርጅት አሳተመ። ድምፅ የሌለበት፥ በመሣሪያ ብቻ የሚነገር ሙዚቃ ገበያ ያገኛል ብሎ ገንዘብ ማውጣት በዚያ ጊዜ የሚያስደፍር ነገር አልነበረም።

አንድ ሰው በር ሲከፍት ሌሎች ይከተላሉ። ፊሊፕስ በኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተም ያዘ፤ በ1973 ደግሞ «ዓሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሬከርድስ»ን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎች እንደታተሙ ይነገራል። ከሁለት ዐሥር ዓመት ዝምታ በኋላ ይህ ሁሉ የተደረገው ባልሞላ ዐሥር ዓመት ውስጥ ነው።

ውድቀቱም እንደ አነሣሡ ፈጣን ነበር። በመስከረም 1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ። የምሽት ቤት ሲዘጋ ባንዱ ተበተነ፤ ባንዱ ሲበተን የሚቀዳ ድምፅ ጠፋ። አቶ አምኃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በላዩም ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ማንም በቤቱ ሊገለብጠው ይችላል። ለአድማጩ ይህ ትልቅ ጥቅም ቢሆንም፥ ገንዘቡን አውጥቶ ለሚያሳትመው ሰውና ላባቸውን ላፈሰሱት ባለሙያዎች ግን ኪሣራ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ የሸክላው ዘመን አበቃ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ በአሮጌ ዕቃ መደብር አቧራ የጠጣ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክ» በሚል ርእስ እነዚህን ሥራዎች በተከታታይ አሳትሞ በዓለም ሁሉ አሰማቸው። የአምኃና የካይፋ ሸክላዎች የዚህ ዋና ምንጭ ናቸው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ በተጠቀመ ጊዜ፥ አዲስ አበባን አይቶ የማያውቅ ተመልካች ሁሉ ቅኝታችንን ሰማ። አቶ አምኃ ይህን ለማየት በቅተዋል። ያረፉት በ2021 ሲሆን፥ የመጀመሪያ ሸክላቸውን የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ተከተላቸው።

ከዚህ ታሪክ የመንግሥት ሥራ ለጀመረው ወጣት አንድ ቁም ነገር ይተርፈዋል ብለን እናምናለን። ሕግን መድፈር መልካም ነው ማለታችን አይደለም፤ ሕግ የማይከበርበት አገር ነጋዴም ዘፋኝም አይኖርበትም። የምንለው ስለ ሕግ አውጪውና ስለ አስፈጻሚው ነው። ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ መብት ሥራ ካልተሠራበት ታጥሮ ጦም እንዳደረ መሬት ነው፤ ባለቤቱም አያርሰውም፥ ሌላውም አያርሰውም። የ1948ቱን ትእዛዝ «ምን አፈራ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ባለሥልጣን በጊዜው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፥ የሃያ ዓመት ድምፅ ባልባከነ፥ አንድ ወጣት ነጋዴም ለሙዚቃ ብሎ እስር ቤትን ባላሰበ ነበር። ፈቃድ በሚሰጥበትና በሚከለከልበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ሁሉ ይህን ጥያቄ በየጊዜው ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

ለተማሪው ደግሞ ቀለል ያለ ሥራ እንሰጠዋለን። በጉለሌም ሆነ በሌላው ሠፈር በአያቶች ቤት፥ ከቁም ሣጥን ሥር፥ እንዲህ ያለ ሸክላ አይታጣም። ከተገኘ እንደ ሳሕን አይደራረብ፤ ይጣመማል። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፥ ከፀሐይም ይራቅ። መሐሉ ላይ ባለው ክብ ወረቀት የተጻፈውን የዘፋኙን፥ የባንዱንና የአሳታሚውን ስም በደብተር ይመዝግበው። ቤት ያሉትንም አዛውንት የት እንደተገዛና በማን ሠርግ እንደተዘፈነ ይጠይቃቸው፤ ያንን ሸክላው ራሱ አይናገረውምና።