መንጠቆ መቼ ይሳባል?

በናይሮቢ ከተማ ጊኮምባ በሚባለው ሰፊ ገበያ ውስጥ ዓሣ ወደሚሸጥበት ሥፍራ የሚዘልቅ ሰው፣ ከሌሎቹ ዓሦች መካከል በግዙፍነቱ የሚለይ አንድ ዓሣ ያያል። ይህ ዓሣ በኬንያ «ምቡታ» ይባላል፤ በዓለም ዘንድ የታወቀበት ስም ግን ናይል ፐርች ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በጫሞና በአባያ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ ይኖራል። የኦሞ ወንዝ በሚፈስበት በቱርካና ሐይቅም ከጥንት ጀምሮ ይገኛል። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ግን በሰው እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። በደንብ ያደገ ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ሊረዝምና እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል።

ናይል ፐርች በመረብም በመንጠቆም ይያዛል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ዋና ችግሩ ዓሣውን ማግኘት ብቻ አይደለም። ዓሣው መንጠቆውን ጎርሶ ሳለ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ለምን ያመልጣል?

አንደኛው ምክንያት የአፉ አፈጣጠር ነው። ናይል ፐርች አፉን በድንገት በልቅቆ ውሃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያልተስማማውንም ወዲያውኑ መልሶ ይተፋል። መንጋጋው ጠንካራ አጥንት ስለ ሆነ የደነዘዘ መንጠቆ አይወጋውም፤ ተንሸራቶ ይወጣል። ስለዚህ አጥማጁ ከሁሉ አስቀድሞ የመንጠቆውን ጫፍ በሞረድ ይስላል። ስለቱንም ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ በቀስታ ይጎትታል። ጫፉ ከተንሸራተተ ገና አልተሳለም፤ ጥፍሩን ያዝ ካደረገ ግን ተስሏል ማለት ነው። ጫፉ በቀጠነ መጠን የአጥማጁ ኃይል በጠባብ ሥፍራ ላይ ስለሚያርፍ በቀላሉ ይወጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የክሩ መላላት ነው። የናይለን ክር ሲሳብ ይለጠጣል። 40 ሜትር ክር ከመቶ አምስት እጅ ቢለጠጥ 2 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ስለዚህ ዓሣው በሩቅ ሳለ ዘንጉን ትንሽ ብቻ የሚመነጭቅ ሰው ክሩን ይለጥጣል እንጂ መንጠቆውን አያንቀሳቅሰውም። ልምድ ያለው አጥማጅ መጀመሪያ የላላውን ክር ይጠቀልላል፤ የዓሣው ክብደት በእጁ ሲሰማው ብቻ ዘንጉን ወደ ኋላ በኃይል ይስባል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ጊዜውን አለማወቅ ነው። ማባበያው ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ አስመሳይ ዓሣ ከሆነ፣ ናይል ፐርች ምግብ አለመሆኑን ቶሎ ስለሚያውቅ አጥማጁ ሳይዘገይ መሳብ አለበት። ማባበያው እውነተኛ ዓሣ ሲሆን ግን ናይል ፐርቹ ጎርሶ ፊቱን እስኪያዞር ድረስ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል። ትዕግሥቱ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ዓሣው መንጠቆውን ወደ ሆዱ ይውጠዋል።

ጫፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ክብ የሚመስል ሌላ ዓይነት መንጠቆም አለ። ይህን መንጠቆ መመንጨቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከአፉ ያስወጣዋል። ዓሣው ጎርሶ ሲሄድ ክሩን ቀስ በቀስ ማጥበቅ ይበቃል፤ መንጠቆው ራሱ ዞሮ በአፉ ጥግ ይሰካል። ዓሣው ከተያዘ በኋላም ክሩ ሊላላ አይገባም። ናይል ፐርች ከውሃው በላይ ዘሎ ራሱን ሲያራግፍ፣ በላላ ክር ላይ ያለ መንጠቆ በቀላሉ ይወድቃልና ነው።

ይህ ሁሉ በናይል ፐርች ብቻ የሚሠራ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ሙስኪ የሚባል ትልቅ አዳኝ ዓሣ አለ። እርሱን ለመያዝ መንጠቆ አሥር ሺህ ጊዜ መወርወር ያስፈልጋል ይባላል። አፉ ጠንካራ በመሆኑ የዚያ አገር አጥማጆችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ስለት ያለው መንጠቆ፣ የተወጠረ ክርና ትክክለኛ ጊዜ ነው።

የመንጠቆ አሳሳብ ከአጥማጁ የዕለት ገቢ በላይ የሆነ ጉዳይም አለበት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ምክንያት የናይል ፐርች መጠን ከቀድሞው እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ለመራባት ያልደረሰ ትንሽ ዓሣ ሲያዝ ወደ ውሃው መመለስ ይገባል። መንጠቆው በአፉ ጥግ የተሰካ ዓሣ ሲለቀቅ የመዳን ተስፋው ብዙ ነው፤ መንጠቆውን ውጦ ሆዱ ወይም ስንጥቡ የተቀደደው ግን ቢለቀቅም ብዙውን ጊዜ ይሞታል። አጥማጁ በጊዜው ባለመሳቡ የዛሬውንም የነገውንም ዓሣ ያጣል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ መንጠቆውን ሳይስል፣ ክሩን ሳይወጥርና ጊዜውን ሳይጠብቅ የሚቸኩል አጥማጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዓሣ የሚያዘው በክንድ ብርታት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በመዘጋጀትና ጊዜን በማወቅ ነው።