የጤና መድኅን መዋጮ ለሐኪሙ ይደርሳል?

በሀብሩ ወረዳ እንደ ውርጌሳ ባሉ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት በየጊዜው ከኪሱ እንዳያወጣ ታስቦ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። መዋጮው የሐኪሙን ገቢ ያሳድጋል የሚል ግምት ቢኖርም፣ የክፍያው አሠራር የሚያሳየው ሌላ ነው።

መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ከውርጌሳ በደሴ መስመር የምትገኘው ተሁለደሬ ነበሩ።

የመድኅን ፈንዱ ውል የሚገባውም ሆነ የሚከፍለው ከጤና ተቋሙ ጋር ነው። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ሂሳቡን ይጠይቃል። የሚከፈለው ገንዘብ የተቋሙ የውስጥ ገቢ ሆኖ ለመድኃኒት፣ ለሕክምና ዕቃና ለጥገና ይውላል። ሐኪሙና ነርሷ ግን የሚያገኙት በደረጃቸው የተወሰነ የመንግሥት ደመወዝና የተረኝነት ክፍያ ነው። በቀን 30 ሰውም ሆነ 80 ሰው ቢታከም ወርኃዊ ደመወዛቸው አይለወጥም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ያነሡት የደመወዝ ጥያቄም ለመንግሥት የቀረበው ስለዚህ ነው።

በሌሎች አገሮች መድኅኑ የሐኪሙን ገቢ በቀጥታ ሊነካ ይችላል። ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሲከፈል ብዙ ማከም ብዙ ያስገኛል፤ ነገር ግን አላስፈላጊ ምርመራ እንዲበዛ ያደርጋል። በተመዘገበ ሰው ልክ አስቀድሞ ሲከፈል ወጪ ይቆጠባል፤ ነገር ግን ታካሚው የሚገባውን እንዳያጣ ያሰጋል። ጋና ይህን ሁለተኛውን መንገድ በአሻንቲ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ብትጀምርም፣ ከአገልግሎት ሰጪዎች ጭምር ተቃውሞ ገጥሞት በ2017 ቆሟል።

በኢትዮጵያ ባለሙያው ላይ የሚመጣው ለውጥ በዋናነት የሥራ ጫና ነው። መድኅን ያለው ሰው ሕመም ሳይጸናበት ስለሚመጣ ተራው ይረዝማል። ፈንዱ ሂሳቡን ካዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት መግዛት ይቸገራል፤ አባሉም ማዘዣ ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል፤ ፈንዱም ይበልጥ ይሳሳል።

ስለዚህ የመዋጮው ጥቅም የሚለካው መድኃኒት በመገኘቱና ሂሳቡ በወቅቱ በመከፈሉ ነው። አባላትም መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ በመሄድና ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሲላኩ የሪፈር ወረቀት በመያዝ ፈንዱን ከአላስፈላጊ ወጪ ይጠብቃሉ።